ስለ ፎረንሲክ የጥርስ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አፉ ተከፍቶ ማውራት ስለማይችል ጥያቄውን ሁሉ አጠራቅሞ ሲጨርስ ይለቀዋል። ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የሚመጣው ፊልም ላይ የታየ ነገር ነው። «እውነት ሰው በጥርሱ ይለያል?» ይሉኛል። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ፎረንሲክ የጥርስ ሕክምና ምንድን ነው?

የጥርስ ሕክምና እውቀትን ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ሥራ ማዋል ነው። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ይለያል። የሰው ዕድሜ ይገምታል። አፍና ጥርስ ላይ የደረሰ ጉዳትን መርምሮ ለሕግ በሚሆን መልኩ ይጽፋል። የንክሻ ምልክት ምርመራ የሚባልም አለ። እሱ ላይ ግን ቅሬታ ስላለኝ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ለምን ጥርስ?

ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል፣ ስለሆነ ነው። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ሥጋ ሲፈርስ፣ ውኃ ውስጥ ሲከርም፣ አፈር ውስጥ ዘመን ሲያልፍበት ጥርስ ይቀራል።

እሳትም ቢሆን በቀላሉ አይጨርሰውም። የኋላ መንጋጋዎችን ጉንጭና ምላስ ይከልሏቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎዱት የፊት ጥርሶች ናቸው። ጥርሱ ውስጥ የገባው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ወርቅ የሚቀልጠው 1064 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ ለኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ ለሚተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚያገለግለው ታይታኒየም ደግሞ ከ1600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የተቃጠለ ጥርስ ቅርጹን ይያዝ እንጂ እንደ አመድ ተሰባሪ ነው። አስከሬን ሲነሳ ጭንቅላቱ ሳይሸፈን ከተንገላታ ማስረጃው መንገድ ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ገና ከቦታው ሳይነሳ ፎቶ የሚያነሱትና ጭንቅላቱን ጠቅልለው የሚያነሱት።

ዲኤንኤ አለ፣ ለፋይዳ አሻራ ሰጥተናል፤ ታዲያ ጥርስ ምን ያደርጋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢንተርፖል በአደጋ የሞቱ ሰዎችን ለመለየት ዋና መለያ ብሎ የሚቀበላቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የጣት አሻራ፣ ዲኤንኤና ጥርስ። ሦስቱም እኩል ክብር አላቸው። ከሦስቱ አንዱ በትክክል ከገጠመ ይበቃል።

የጣት ቆዳ ግን ቶሎ ይሄዳል። እሳትና ውኃ መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን ነው። ዲኤንኤ ላቦራቶሪ፣ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከቤተሰብም ናሙና መወሰድ አለበት። የጥርስ ንጽጽር ሁለት ራጅና የሰለጠነ ዓይን ካለ በዚያው ቀን ሊያልቅ ይችላል። ሁሉም እምቢ ሲል ደግሞ ከጥርሱ መሃል፣ ነርቩ ካለበት ክፍል፣ ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል።

«ቤተሰብ አይቶ አይለየውም ወይ?» የሚሉም አሉ። ፊት አይቶ መለየት ከሚታሰበው በላይ ያሳስታል። የሞተ ሰው ፊት ይቀየራል። የሚያየው ሰው ደግሞ በድንጋጤ ውስጥ ነው። ልብስ፣ ቀለበትና መታወቂያም ደጋፊ ናቸው እንጂ ብቻቸውን አይበቁም። የሰው ጃኬት ለብሶ የወጣ ስንት አለ!

በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው?

ሁለት መዝገብ ይዘጋጃል። አንዱ ከአስከሬኑ የሚገኘው ነው። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ራጅ ይነሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ሌላው ሰውየው በሕይወት እያለ ከታከመበት ክሊኒክ የሚመጣው ካርድና ራጅ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነጻጸራሉ።

እያንዳንዱ ጥርስ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አለው። ለምሳሌ 46 ስንል የታችኛው መንጋጭላ፣ በቀኝ በኩል፣ መጀመሪያ የሚበቅለው ትልቁ መንጋጋ ማለታችን ነው። ካርዱ ላይ «46 ተሞልቷል» የሚል አለ እንበል። አስከሬኑ ላይ 46 ከነጭራሹ የለም። ይጋጫል? አይጋጭም። ከተሞላ በኋላ ተበላሽቶ ተነቅሎ ይሆናል። አሁን ገልብጡት። ካርዱ «46 ተነቅሏል» ይላል፣ አስከሬኑ ላይ ግን 46 ጤነኛ ሆኖ ተቀምጧል። የተነቀለ የአዋቂ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ወይ ሰውየው ሌላ ነው፣ ወይ ካርዱን የጻፈው ሰው ግራና ቀኙን አምታቷል።

ሁለተኛው ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል። እኛ ሐኪሞች በጥድፊያ የምንጽፈው ቁጥር አንድ ቀን የሰው ሞት ማረጋገጫ ሊሆን እንደሚችል አናስብም።

ከቁጥሩ ይልቅ ራጁ ይታመናል። የሥሩ ጥምዘዛ፣ የሙሌቱ ጠርዝ፣ የአጥንቱ መስመር፣ ሩት ካናል፣ ማለትም የጥርስ ሥር ሕክምና፣ የተሠራበት መንገድ በሁለት ሰው ላይ አንድ ሆኖ አይገኝም። ኢምፕላንት የተተከለለት ሰው ከሆነ ብዙ ክሊኒኮች ከማሸጊያው ላይ ያለውን ስቲከር ልጠው ካርዱ ላይ ይለጥፉታል። የፋብሪካውና የምርቱ ቁጥር እዚያ ላይ አለ።

ስንት ነገር መመሳሰል አለበት?

የተወሰነ ቁጥር የለም። አንድ ለየት ያለ ጥርስ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። አሥር ተመሳሳይ ነገር ተገኝቶ አንድ ሊብራራ የማይችል ልዩነት ካለ ደግሞ ሁሉም ይፈርሳል።

ጥርስ ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰውስ? እኛ አገር ስንቱ ነው ካርድ ያለው?

የነገሩ ማሰሪያ እዚህ ጋ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የሱናሚ አደጋ ታይላንድ ውስጥ ከሞቱት መካከል የውጭ አገር ጎብኚዎች ብዙዎቹ በጥርሳቸው ተለይተዋል። ከአገሬው ሰው ግን በዚህ መንገድ የተለየው በጣም ጥቂት ነበር። ጥርሳቸው ስላልተረፈ አይደለም፤ የሚነጻጸር ካርድ ስላልነበራቸው ነው።

የእኛም ችግር ይኸው ነው። ሰዉ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄደው ሲያመው ነው። ያስነቅላል፣ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሌላ ክሊኒክ ይገባል። ካርድ ቢኖርም ስም ይምታታል። አበበ ከበደ የሚባል ሰው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስንት ይሆናል? የአያት ስም ወይም ስልክ ከሌለ ካርዱ ለምንም አይሆንም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ሰው ሦስት ዓይነት ስም ይኖረዋል። የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ካርዱ ላይ «2011» ብቻ ከተጻፈና ካርዱን የሚያነበው የውጭ ሰው ከሆነ፣ የሕክምናው ቀን ከሰባት ዓመት በላይ ይዛባል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ብዙ ቤት ቦታ ቀይሯል። ዕቃ ሲጓዝ የመጀመሪያው ተጣይ ደግሞ የድሮ ካርድ ያለበት ካርቶን ነው።

ካርድ ከሌለ ግን ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ጥርሱን አሳይቶ የሳቀበት ፎቶ ካለ የፊት ጥርሶቹን ጠርዝና አሰላለፍ ማነጻጸር ይቻላል። የሠርግ አልበም፣ የምረቃ ፎቶ፣ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ሁሉ ይጠቅማል። ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ጥርስ ብቻ እንኳን ብዙ ይናገራል።

የእኛ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ ለመለየት የሚረዳ ምልክት ሞልቷል። የተነቀሰ ድድ፣ የወርቅ ጥርስና ፍንጭት ቤተሰብ ሁሉ የሚያስታውሳቸው ነገሮች ናቸው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂ ወይም ዝዋይ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይቀራል። ሕፃን ሳለ ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ የክራንቻው እንቡጥ የተነቀለበት ሰው፣ አድጎም ክራንቻው ሊጎድል ወይም ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። ጎጂ ልማድ ነው፣ አልደግፈውም። ግን ምልክት ነው። እነዚህ ሁሉ ፍለጋውን ያጠቡታል እንጂ ብቻቸውን «እሱ ነው» አያስብሉም።

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ከጅምላ መቃብር የወጡ ራስ ቅሎች መስታወት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ጥርሶቻቸው አሁንም አሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ጠርቶ ቁፋሮው ላይ ሠርተዋል። ጥርሱ ቢነበብም የሚነጻጸርበት የጥርስ ካርድ ያለው ሟች በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

መንትዮችንስ ይለያል?

ይለያል። ተመሳሳይ መንትዮች በተራው የዲኤንኤ ምርመራ አንድ ሆነው ይወጣሉ። ጥርሳቸው ግን በአበቃቀልም ትንሽ ይለያያል፣ በሕክምና ደግሞ በጣም። አንዱ ያስሞላውን ሌላው አላስሞላም።

በቢሾፍቱው የአውሮፕላን አደጋ ጊዜ በጥርስ ነው የተለዩት?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በበረራ 302 ላይ የ157 ሰዎች ሕይወት አልፏል። የኢንተርፖል ቡድን መጥቶ አግዟል። ያ አደጋ ግን የጥርስ ምርመራ አቅም የት ድረስ እንደሆነ ያሳየ ነው። አውሮፕላኑ መሬት የመታበት ኃይል ከባድ ስለነበር ሥራው በዋናነት የተደገፈው በዲኤንኤ ላይ ነው። ያም ወራት ፈጀ። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተደረገው ሥርዓት የኢትዮጵያውያኑ የሬሳ ሣጥኖች ባዶ ነበሩ።

ይህ ሙያ መቼ ተጀመረ?

በጥርስ ሰው መለየት የቆየ ነገር ነው። እንደ ሙያ የተያዘው ግን ከፓሪስ ቃጠሎ በኋላ ነው። በግንቦት 1897 እ.ኤ.አ.፣ ከዓድዋ ድል በዓመቱ መሆኑ ነው፣ ፓሪስ ውስጥ የበጎ አድራጎት ባዛር ተቃጥሎ ከ120 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ የመሳፍንት ሴቶች ነበሩ። ሊለዩ ያልቻሉት ሲቀሩ የጥርስ ሐኪሞቻቸው ከነመዝገባቸው ተጠሩ። የአላንሶን መስፍን ሚስት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ እህት፣ የተለየችው እንዲህ ነው። ኦስካር አሞኤዶ የሚባል የኩባ ተወላጅ የጥርስ ሐኪም ይህንን መሠረት አድርጎ በ1898 መጽሐፍ ጻፈ።

ዕድሜን በጥርስ ማወቅ ይቻላል?

መገመት ይቻላል። ማወቅ ሌላ ነው።

ለሕፃናት በጣም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው በ12 ገደማ ይወጣል። ድድ ውስጥ ያሉት ገና ያልወጡት ጥርሶች ሥራቸው ምን ያህል እንደተሠራ በራጅ ሲታይ ግምቱ የበለጠ ይጠብቃል። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስትወጡ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። የድንቅነሽ የታችኛው መንጋጭላ ላይ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ወጥተው ትንሽ ተፍቀዋል። ቁመቷ እንደ ልጅ ቢሆንም አዋቂ መሆኗ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከዲኪካ የተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል፣ ሰላም፣ ደግሞ ሦስት ዓመት ገደማ ተብላ የተገመተችው መንጋጭላዋ ውስጥ ገና ባልወጡት ጥርሶች ነው።

ችግሩ 18 ዓመት አካባቢ ነው። ሕጉ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ለብቻው ሥርዓት አለው። ከ15 እስከ 18 ያለውም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ለጋብቻም 18 መሙላት ግድ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ የሚቀርበው ወጣት ብዙውን ጊዜ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ «ዕድሜው ይመርመር» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል።

በዚህ ዕድሜ የቀረው የመጨረሻው መንጋጋ፣ የአእምሮ ጥርስ የምንለው፣ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አመለኛ ነው። አንዱ ላይ በ16 ይወጣል፣ ሌላው ላይ በ24፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። አፍሪካውያን ላይ ከአውሮፓውያን ቀደም ብሎ እንደሚወጣም ይታወቃል። በአውሮፓ ልጆች የተሠራ ሠንጠረዥ ይዞ የእኛን ልጅ የሚለካ ሰው የ16 ዓመቱን ልጅ «18 ሞልቶታል» ሊል ይችላል። በእኔ እምነት «ዕድሜው 18 ነው» ብሎ ብቻ የሚደመድም የምርመራ ወረቀት ዳኛው ፊት መጠየቅ አለበት። ትክክለኛው መልስ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ነው። የእጅ አንጓ ራጅም አብሮ ቢታይ ይመረጣል።

በንክሻ ምልክት ወንጀለኛ ይያዛል?

ፊልም ላይ ይያዛል።

አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን በተከታታይ የገደለው ቴድ በንዲ በ1979 ሲፈረድበት የንክሻ ምልክት ትልቅ ማስረጃ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፋሽን ሆነ። በ1992 ሬይ ክሮን የሚባል የአሪዞና ሰው በዋናነት በንክሻ ምልክት ሞት ተፈረደበት። ጥርሱ ወጣ ገባ ስለነበር «ገጠመ» ተባለ። በ2002 ዲኤንኤ ሌላ ሰው መሆኑን አሳየና ተለቀቀ። ያለ ጥፋቱ አሥር ዓመት ታስሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ሪፖርት ዘዴው በቂ የሳይንስ መሠረት እንደሌለው ጽፏል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆዳ ይለጠጣል፣ ያብጣል፣ ይበልዛል። አጥቂው ሲነክስ ተጠቂው ይታገላል። የቀረው ምልክት የጥርሱን ቅርጽ በትክክል አይዝም። ከንክሻ የሚጠቅመው ምራቁ ነው። ጥቃት የደረሰበት ሰው ቦታውን ሳይታጠብ ቶሎ ከሄደ ዲኤንኤ ሊገኝ ይችላል። ለሴቶችና ለሕፃናት ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውንም፣ ፖሊሱንም፣ ዐቃቤ ሕጉንም አንድ ቦታ ያሰባሰበ ማዕከል አለ።

ተደባድቤ ጥርሴ ተሰበረ። ምን ላድርግ?

የተሰበረውን ቁራጭ አትጣሉት። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ዘውዱን፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚታየውን ክፍል፣ ይዛችሁ፣ ሥሩን ሳትነኩ፣ ወተት ውስጥ ከታችሁ በፍጥነት ሐኪም ጋ ሩጡ፤ መልሶ መትከል የሚቻልበት ዕድል አለ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና ለሆስፒታል ደብዳቤ አጽፉ። ሐኪሙ የሚጽፈው ያየውን ነው። የትኛው ጥርስ፣ እንዴት እንደተሰበረ፣ አዲስ ስብራት ነው ወይስ ቀድሞም የተበላ ነበር። «ከባድ ነው ብለህ ጻፍልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከባድ ይሁን ቀላል የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው።

አስከሬኑ ሳይለይ ቢቀር ቤተሰብ ምን ይሆናል?

እርም አይወጣም። ሐዘን ይቀመጥ አይቀመጥ ክርክር ይሆናል። ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል፤ ውርስ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የጡረታ ጉዳይ ሁሉ ይቆማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። የሁለት ዓመቱን ጥበቃ አንድ የቆየ ራጅ በአንድ ቀን ሊያስቀረው ይችል ነበር።

ሰው የጠፋበት ቤተሰብ ፖሊስ ጋ ካመለከተ በኋላ፣ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ ጳውሎስ ሲሄድ፣ የጠፋው ሰው የት ክሊኒክ ይታከም እንደነበር አስቦ መሄዱ ይጠቅማል። ካላስታወሳችሁ የሞባይል ባንኪንጉ መልእክት ላይ ለክሊኒክ የተከፈለ ክፍያ ይኖር እንደሆነ እዩ።

ፖሊስ ከክሊኒክ ካርዴን እንደፈለገ ይወስዳል?

አይወስድም። የታካሚ መረጃ ሚስጥር ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ከሌላው ይበልጥ ይጠብቀዋል። በአግባቡ የተጻፈ ጥያቄ ሲመጣ ክሊኒኩ ኮፒ አስቀርቶ ይሰጣል፣ ማን መቼ እንደወሰደም ይመዘግባል። ኦሪጅናሉን ያለ ፊርማ አሳልፎ የሰጠ ክሊኒክ በኋላ ራሱን ይወቅሳል።

ራጄን በስልክ ፎቶ አንስቼ ባስቀምጠውስ ይበቃል?

ከምንም ይሻላል፤ በደንብ ከተነሳ ደግሞ በጣም ይጠቅማል። ዲጂታል ከሆነ ፋይሉን ራሱን በቴሌግራም ላኩልኝ በሉ፤ በፎቶ ሳይሆን በፋይል፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ፊልም ከሆነ ነጭ ብርሃን ባለው ስክሪን ላይ ለጥፋችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ አንሱት። ስም፣ ቀንና የቀኝና የግራ ምልክቱ ፎቶው ውስጥ ይግባ። ከዚያ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ አታስቀሩት፤ ስልካችሁ የሚገኘው እናንተ ኪስ ውስጥ ነው። ለእህታችሁ ወይም ለባለቤታችሁ ላኩላቸው።